ለእንቁራሪት ውሃ የጠለፍንበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ከወልድያ የመጣው አውቶብስ ሰቆጣ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪውን ሲያራግፍ፣ በአቧራውና በሻንጣው መካከል አንዲት ሴት ቆማ ባጃጅ ስትጣራ አየሁ። ፊቷ አይታየኝም ነበር፤ ግን አንገቷን ዘመም አድርጋ መሬት መሬቱን የምታይበትን አኳኋን ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ። ቲቸር ስንዱ ናት። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሳይንስ ያስተማረችኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለችው ታናሽ ክፍል ተከራይታ የኖረች፣ በኋላ ተዛውራ ወደ አገሯ ወደ ጎጃም የሄደች። ዞር ብላ ስታየኝ መጀመሪያ አላወቀችኝም፤ ቁመቴ አልፏታል። ስታውቀኝ አገላብጣ ሳመችኝና፣ አባቴንም እናቴንም ሳትጠይቅ በፊት፣ "ልጆቻችን እንዴት ናቸው?" አለችኝ። "ወልደው ከብደዋል፤ የልጅ ልጅ አይተዋል" አልኳት። የባጃጁ ሾፌር አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና ሻንጣዋን ጫነ። እኔ እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት ለትዝታ አይበቃም የሚል አይጠፋም። ክፍላችን ውስጥ እንኳ "ትዝታ ሽበት ይፈልጋል" ብለው የሳቁብኝ አሉ። ይሁን። ሰቆጣ ግን ሽበቴን የምትጠብቅ ከተማ አይደለችም፤ ዘወር ብለሽ ስትመለሺ ሌላ ሆና ትጠብቅሻለች። ያኔ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ባጃጅ አምስት ብር ነበር፤ ሦስት ሆነን ከሾፌሩ አጠገብ ከተጣበቅን ደግሞ ይቀንስልናል። በአንድ ብር ቆሎ ሻጯ የዩኒፎርማችንን ኪስ ትሞላው ነበር፤ አሁን የምትሰፍርበት ሲኒ ራሱ ያነሰ ይመስለኛል። ሁላችንም የምንጫማው ያንኑ ከገበያ የሚገዛ ፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ ክረምት ውስጡ ውሃ ሲገባ በየእርምጃችን ይንጫጫል፣ እኛም ሆን ብለን እናንጫጫዋለን። መንገድ ተዘግቶ የተከፈተበት፣ መብራት ጠፍቶ የመጣበት፣ ትምህርት ቤት እንደገና ደወል የደወለበት ዓመት ነበር። ትልልቆቹ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ስለዚያ ጊዜ ሳስብ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ነው።

ቲቸር ስንዱን ወደ ሰቆጣ የመደባት ዕጣ ነው። የመጣች ሰሞን ሁላችንም "እርስዎ" ስንላት "እኔ አገሬ ላይ አንቱ የምለው እናቴንና አያቴን ነው፤ አታስረጁኝ" ብላ አስቀረችን። መጽሐፉ ውስጥ "ገበሎ አስተኔ" እና "እንቁራሪት አስተኔ" የሚል ምዕራፍ ነበረ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጠን ነበር፤ እሷ ግን "ቅዳሜ ደብሩ ሥር ወዳለው ሸለቆ እወርዳለሁ፣ የፈለገ ይምጣ" አለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ብዙ ልጆች ሄድን። ከዚያ በኋላ ግን የዘለቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱም ሥራው መቀመጥ ነው። ፀሐዩን ከጀርባ አድርጎ፣ ጥላ ድንጋዩ ላይ ሳይጥሉ፣ ሳይስሉ፣ ሳያኩ መቀመጥ። "ድንጋዩ እስኪረሳን ነው" ትለኛለች። እውነትም ድንጋዩ ይረሳናል። መጀመሪያ አንድ እንሽላሊት ከስንጥቁ አፍንጫዋን ታወጣለች። ከዚያ ያ ራሱ ሰማያዊ የሆነ ትልቁ ገበሎ ይወጣና ደረቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ለማን እንደሚሰግድ እንጃ። እስስትን ያየሁበትን ቀን ደግሞ መቼም አልረሳውም። እስስት ሰው ለመስደብ ብቻ የተፈጠረች ትመስለኝ ነበር፤ "እስስት ነው እኮ" ሲባል እንጂ አይቻት አላውቅም። ክትክታው ቁጥቋጦ ላይ ነበረች። አንድ እግሯን ታነሳለች፣ ታስብበታለች፣ ወደኋላ ትላለች፣ እንደገና ታስብበታለች፤ የእንጨት ድልድይ የሚሻገር ሽማግሌ በሉት። አንዱ ዓይኗ እኔን ሲያይ ሌላው ዝንቡን ያያል። "እንዲህ ማየት ብችል ፈተና ላይ በጠቀመኝ" አልኩ፤ ቲቸር ስንዱ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፣ እስስቷ እንዳትሰማ።

አባቴ ቄስ ናቸው። መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም። በዚያው ሰሞን ከግቢያችን የእንጨት ክምር ሥር እባብ ታየ ተብሎ ጎረቤት በትር ይዞ ሲመጣ፣ ቲቸር ስንዱ በሩ ላይ ቆመች። አስቀድማ የአባቴን መስቀል ተሳለመች፤ ከዚያ ተከራከረቻቸው።

"አባ፣ ይሄኛው መርዝ የለውም። አይጥ ፍለጋ ነው የመጣው።"

"ልጄ፣ በእኛና በእሱ መካከል ጠላትነትን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም። ኦሪት ላይ ተጽፏል።"

"ተጽፏል አባ። አይጡንስ ማን ይብላልዎ?"

 በጋውን አይጥ የአባቴን ዳዊት ጠርዝ በልቶባቸው፣ ጸሎት ላይ በዚያች ገጽ ሲደርሱ ሁሌ ይተክዙ ነበር። "ዳዊቴን የበላውን ከሆነ የሚፈልገው፣ ይፈልግ" ብለው ባለበትሩን መለሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ወደ ሸለቆው ስወርድ "ቶሎ ተመለሺ" ከማለት በቀር አልከለከሉኝም።

ክረምቱ ገባ። ሸለቆው ውስጥ አንድ ጎድጓዳ ዓለት አለ፤ ዝናብ ሲጥል ኩሬ ይሆናል። አንድ ጠዋት ውሃው ዳር እንደ ተልባ ውሃ የሚያዳልጥ፣ መሐሉ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለው ነገር ተዘርግቶ አገኘን። የእንቁራሪት እንቁላል። በየቀኑ እየሄድን አየነው፤ ነጥቡ ረዘመ፣ ጅራት አወጣ፣ አንድ ቀን ሁሉም በአንዴ ሲዋኙ አገኘናቸው፣ ጥቁር የሙዚቃ ኖታ የሚመስሉ፣ ራስና ጅራት ብቻ። "ልጆቻችን" ያልናቸው ያኔ ነው። ቲቸር ስንዱ ግን የክረምት ትምህርቷን ለመቀጠል ወደ ባሕር ዳር መሄድ ነበረባት። ስትሄድ "እግር እስኪያወጡና ከውሃው እስኪወጡ አደራ። እዚህ አገር ዝናብ ቃሉን አይጠብቅም፤ ኩሬው ቀድሞ እንዳይደርቅባቸው" አለችኝ። እኔ ሰው አደራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አውቶብሱ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት፤ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ነበር፣ አላንጫጫሁትም።

እዚህ ላይ አክስቴን ለምለምን ማምጣት አለብኝ። እትዬ ለምለም የእናቴ ታናሽ ናት፤ አሁን የስልክ መሸጫ የሆነው፣ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማጉያ የሚጮህበት የገበያው ጥግ ያኔ የእሷ በረንዳ ነበር። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ቀሚሶች። የነሐሴ መጀመሪያ ለእሷ የዓመቱ ጭንቅ ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ሻደይ ይገባል፣ ሻደይ ሲገባ ደግሞ የሰቆጣ ልጃገረድ ሁሉ ወገቧ ላይ ሣሩን አስራ፣ ከበሮ ይዛ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው የምትወጣው። የዚያ ሰፈር ጥልፍ ሁሉ በእትዬ ለምለም እጅ ያልፋል። አረንጓዴው ክር ሲያልቅባት ቀዩን ትመርቅበታለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ "ፋሽን" ይሆናል። ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ እንደ እንቁራሪት የምትፈራው ነገር የለም። በልጅነቷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አንዱ ከእንስራው ዘሎ አንገቷ ላይ ተለጥፎባት፣ እንስራውን ጥላ፣ ሰብራ፣ ተገርፋ፣ እስከ ዛሬ ክረምት ክረምት ማታ ሲጮሁ ጆሮዋን በትራስ ትይዛለች። እኔ ወደ ሸለቆው መሄዴን ስትሰማ "ከሸናብሽ ኪንታሮት ነው፤ ለትዳርሽም እንቅፋት ነው" ትለኝ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። እኛ ሕፃናቱ እንደ ወጉ እንጾማለን፣ ቅዳሴው ከሰዓት እስኪያልቅ ደብሩ ውስጥ እንቆያለን፣ ጾሙ ሊያልቅ ሲል እንቆርባለን። ትልልቆቹ ግን ያው ነው፤ ቁርባን የልጅና የሽማግሌ ይመስላቸዋል። አባቴ በየዓመቱ "ለምለም፣ መቼ ነው ለቁርባን የምትቀርቢው?" ይሏታል፤ እሷም በየዓመቱ "ስሸብት" ትላቸዋለች። በዚያ ዓመት እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር፤ ዝናቡ ቆመ። ነሐሴ እየገፋ ሰማዩ እንደ ጥቅምት ጠራ። ኩሬው ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ከዳሩ ይሸሻል፤ ልጆቻችን የኋላ እግራቸውን አውጥተዋል፣ የፊተኛው ግን ገና ነው። በቆረብኩበት እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ፣ ነጭ በነጭ እንደለበስኩ፣ አፌን በነጠላዬ እንደሸፈንኩ፣ ከደብሩ ቅጥር ወደ ታች አየሁ። ኩሬው የእንጀራ ሰፌድ አክሏል። አንዲት ባለረጅም እግር ወፍ ዳሩ ላይ ቆማ፣ ተዝናንታ፣ እየመረጠች ትለቅም ነበር።

መፍትሔውን አውቀው ነበር፤ ከቲቸር ስንዱ ጋር ብዙ ጊዜ አይተነዋል። ከኩሬው በላይ ያለችው ቀጭን ምንጭ በአንድ ስንጥቅ ወደ ሌላ በኩል ትፈሳለች። ስንጥቁን ደፍኖ ወደ ኩሬው መጥለፍ ነው። ግን ለዚያ ውሃው ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቆርቤአለሁ። የቆረበ ሰው ያን ቀን ውሃ አይነካም፣ ወንዝ አይሻገርም፣ አይተፋም፣ እሾህ ወግቶት እንዳይደማ ባዶ እግሩን አይሄድም። ለነገ እንዳላሳድረው፣ ነገ የሚቀር ነገር የለም። መንገድ ላይ ያገኘኋቸውን ሁለት ጎረምሶች ለመንኩ። "ለእንቁራሪት?" ብለው ሳቁና ሄዱ። መሮጥም አይፈቀድልኝም ነበር፤ ወድቄ ብደማስ? ስለዚህ አፌን ይዤ፣ በፍጥነት እየተራመድኩ በረንዳው ደረስኩ።

"እትዬ" አልኩ በነጠላዬ ውስጥ።

"እንኳን ለዚህ አበቃሽ የኔ ንጹሕ" አለች የስፌት መኪናዋን ሳታቆም። "ቀሚስሽ አልደረሰም፤ ከፊትሽ ያሉ አሉ።"

"ቀሚሱን አይደለም። ውሃ ውስጥ ትገቢልኛለሽ?"

መኪናው ቆመ።

"የምን ውሃ?"

"የሸለቆው ኩሬ። ሊደርቅ ነው። ምንጯን ወደ እሱ መመለስ ነው፤ ትንሽ ሥራ ናት።"

"ኩሬው ውስጥ ምን አለ?"

"ያው... እነሱ ናቸው።"

"እግር አውጥተዋል?"

"የኋላውን ብቻ። አይዘሉም እትዬ፤ ገና ዓሣ ናቸው ማለት ይቻላል።"

"'ማለት ይቻላል' የሚባል ነገር አልወድም" አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። "የቄስ ልጅ። የሰው ነፍስ አልበቃ ብሎሽ ለእንቁራሪት የነፍስ እናት ሆንሽ? እናትሽን ለምኚ።"

"ቆርባለች።"

ይሄን ጊዜ አባቴ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ከደብሩ ሲመለሱ ደረሱ። "ይኸውልዎ አባ" አለች እትዬ ለምለም፣ "ልጅዎ እንቁራሪት አጥምቂልኝ ትለኛለች።" አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። አደራ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ወፏንም ነገርኳቸው። ብዙ መናገር ስለማይገባኝ በአጭሩ ነበር፤ እንባዬ ግን የቀረውን ሳይጨምርበት አልቀረም። አባቴ ዣንጥላቸውን አጠፉ።

"ለምለም፣ መቼ ነው የምትቀርቢው ስልሽ ምን ነበር የምትይኝ?"

"አባ፣ አሁን እሱን ምን አመጣው?"

"ከዚህ ቤተሰብ ዛሬ ውሃ መንካት የሚችል ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። በየዓመቱ እወቅስሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ሥራ ተገኘልሽ። ተነሽ፣ እኔም እሄዳለሁ።"

እትዬ ለምለም ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቀሚሶች አየች። አባቴን አየች። "ባለቀሚሶቹ ነገ ሲጮሁብኝ እርስዎ ይመልሱላቸው" አለችና ካውያዋን ከመንገድ ገለል አደረገች።

አሁን ያንን ባስታወስኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። እኔና አባቴ ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ጫማችንን አጥብቀን፣ ዓለቱ ዳር በሩቁ ቆመናል። እትዬ ለምለም ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሸክፋ፣ በስመ አብ ብላ አንድ እግሯን ታስገባለች፣ ታወጣለች። ልክ እንደ እስስቷ።

"ሁለት ንጹሓን ዳር ቆማችሁ ኃጢአተኛዋን ላካችኋት" አለች። "ዮርዳኖስን ሲሻገሩ እኮ ቀድመው ውሃውን የረገጡት ካህናቱ ናቸው።"

"አልቆረቡም ነበር" አሉ አባቴ። "ለስንጥቁ በቀኝሽ ያለውን ድንጋይ አንሺ።"

ገባች። አንድ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመችና ድምፅ በሌለው ድምፅ "እግሬን ነካኝ" አለች። "ምን አደረገሽ?" ስላት "ሳመኝ መሰለኝ" አለች። ከደሃና ወረዳ በኩል የመጡ ሁለት ሴቶች አህያቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆሙና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ጠየቋት። እሷም ዞር ሳትል መለሰችላቸው። እኔ የምሰማው ገሚሱን ነው፤ የማን እርሻ እንደምናጠጣ ጠይቀው፣ የእንቁራሪት ነው ብላቸው ነው። አንደኛዋ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሁለቱም እየሳቁ ሄዱ። "ምን አለች?" አሉ አባቴ። "ዝናቡን የከለከላችሁን እናንተ ናችኋ፣ ቄሱም ሥራ ፈትተዋል አለች።" አባቴ መስቀላቸውን አነሱና ከኋላቸው ባረኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ስሕተቱ የተፈጸመው። አባቴ "በቀኝሽ" ያሉት በእሳቸው ቀኝ ነበር፤ እሷ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ነበርና በእሷ ቀኝ ያለውን ነቀለች። ኩሬውን የያዘው ድንጋይ ነበር። የቀረችው ውሃ በዚያ በኩል መፍሰስ ጀመረች፤ ልጆቻችንም አብረው፣ ጅራታቸውን እያወራጩ። እኔ ወደፊት ተራመድኩ። አባቴ ክንዴን ያዙኝ። 

እትዬ ለምለም ወደ ድንጋዩ አየች፤ ርቆ ተንከባሏል። ወደ ቀዳዳው አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ በዚያ በጥልፍ ባማረ ቀሚሷ፣ ቀዳዳው ላይ ቁጭ አለች።

ውሃው ቆመ።

"አፈር" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ቶሎ አፈር አምጡ። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም እዚህ ናቸው።" ደረቅ አፈር መንካት ማንም አልከለከለንም። አባቴ ጋቢያቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ይሞሉታል፣ እኔና እሳቸው ጫፍና ጫፉን ይዘን እስከ ውሃው ዳር እናደርሳለን፣ እሷ በእጇ እየሳበች ከጎኗ ትደለድላለች። ስትነሳ የደፈነችው ቦታ ያዘ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ስንጥቁን ደፈነች፤ ምንጯ ትንሽ አመነታችና እንደ ክር ቀጥና ወደ ኩሬው ወረደች።  አባቴ ጋቢያቸውን አራግፈው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ሸለቆው ሁሉ ሞላ። እትዬ ለምለም በረንዳዋ ላይ ቆማ እያየች "ለሁለት ቀን ብዬ ነው ያን ሁሉ የሆንኩት?" አለች። አባቴ "ለመሞት ሁለት ቀን መች አነሰ" አሏት። ቀሚሶቹ ዘገዩ፣ ባለቀሚሶቹ ጮሁ፣ አባቴም ቃላቸውን ጠብቀው በረንዳው ላይ ተቀምጠው መለሱላቸው።

ሻደይ ገባ። የመጀመሪያውን ቀን የታጠቅነው ሣር ጠውልጎ ስለነበር በማግሥቱ የሰፈሩ ልጃገረዶች ሌላ ልንቆርጥ ወደ ሸለቆው ወረድን። ከበሮው ከፊት ነው፣ ሹርባ የተሠራው ሁሉ ያብረቀርቃል፣ የእትዬ ለምለም ቀይና አረንጓዴ ጥልፍ በሁላችንም ደረት ላይ ነው። እሷም ሥራዋን ልታይ አብራን ወርዳለች። ኩሬው አጠገብ ስንደርስ መንገዱ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የባቄላ ፍሬ የሚያክሉ፣ አራት እግር ያወጡ፣ የጅራት ቁራጭ ገና ያልለቀቃቸው፣ ከውሃው ወጥተው ወደ ሣሩ የሚሻገሩ፤ መንገዱን ሞልተውታል። ልጆቹ እየዘፈኑ ይመጣሉ፤ እግራቸውን የሚያይ የለም። "ቁሙ" አልኩ፤ ድምፄን ከበሮው ዋጠው።

እትዬ ለምለም ከኋላዬ አልፋ መንገዱ መሐል ቆመች። እጆቿን ዘረጋች። "ከበሮውን አቁሚ" አለቻት መቺዋን፣ "ሁላችሁም እዚያው። መጀመሪያ እነሱ ይለፉ።" ከበሮው ቆመ። ልጃገረዶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ ገሚሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ዘፈኑን አቋረጡ። የእንቁራሪቶቹ ቆዳ ሣሩ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ጠብ ጠብ ተሰማ። እትዬ ለምለም ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን ጨፍናለች።

"አለቁ?" አለችኝ።

"ገና ናቸው እትዬ። በጣም ብዙ ናቸው።"

ዓይኗን አልገለጠችም።

"ይብዙ" አለች።